«ተስማሙና ጨርሱ» ከመባሉ በፊት

(ለሳይክል ነጂዎችና ለሾፌሮች በተዘጋጀ የእሁድ ጠዋት ውይይት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጌዋለሁ።)

እንደምን አደራችሁ። በእሁድ ጠዋት አልጋችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሳይክል እየነዳችሁ መኪና ቢገጫችሁ፣ ከአምቡላንስ ቀድሞ የሚደርሰው ሽማግሌ ነው። ትስቃላችሁ፤ ግን ታውቁታላችሁ። ገና አስፋልቱ ላይ እንደተዘረራችሁ አንዱ ክንዳችሁን ይዞ ሽቅብ ይጎትታል። ሌላው የሃይላንድ ውሃ ፊታችሁ ላይ ያፈሳል። ሦስተኛው ሳይክሉን አንስቶ ቸርኬውን ያሽከረክርና «ይሄማ ይቃናል» ይላል። አንድ ኮፍያ ያደረጉ አባት ደግሞ ሾፌሩን ወደ ጎን ወስደው ያናግሩታል። ትንፋሻችሁ ሳይመለስ ዋጋ ወጥቶላችኋል።

ሰው የሚሰበሰበው በክፋት አይደለም። ወድቃችሁ ዝም ብሎ የሚያልፋችሁ ከተማ ውስጥ ከመኖር ይሄ ይሻላል። የኔ ነገር ሌላ ነው። ይቅርታውን ከፈለጋችሁ እዚያው አድርጉት። ሒሳቡን ግን ሐኪም ሳያያችሁና ትራፊክ ሳይጽፍ አትዝጉት። ዛሬ የምናገረው ይህንን ብቻ ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

ከራሴ ልነሳ። ጠዋት ከጀሞ በመካኒሳ አድርጌ ወደ ሳር ቤት እየሄድኩ ነበር፣ ወደ ሥራ። አንድ ነጭ የቤት መኪና በግራዬ አለፈኝ። ካለፈኝ በኋላ ማደያ ለመግባት ወደ ቀኝ ታጠፈ። ፍሬቻ የለም። ሾፌሩ አንዴ ስላለፈኝ በሱ ሐሳብ እኔ ኋላ ቀርቻለሁ፤ ጉዳዬ አልቋል። ሳይክል ግን ስለታለፈ አይቆምም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሳይክል በአንድ ሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ይጓዛል። ፍሬን ያዝኩ፤ አልደረሰም። የፊት ጎማዬ የኋላውን የቀኝ በር መታ፤ እኔ በመሪው ላይ ተሻግሬ በቀኝ መዳፌ አረፍኩ።

የሚወድቅ ሰው እጁን ይዘረጋል። ማንም አያስተምረው፣ ማንም አያስተወው።

ተነስቼ ቆምኩ። ምንም አላመመኝም። ይህ እንግዲህ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ነው። ሰውነት ሲደነግጥ አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይመታል፣ ሕመም ይደበዝዛል። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ተነስቶ ሳይክሉን ሲያነሳ፣ ሱሪውን ሲያራግፍ፣ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ሲል ታያላችሁ። ሕመሙ ማታ ነው የሚመጣው። ድርድሩ ግን ማታን አይጠብቅም።

«ልጄ፣ ተርፈሻል፤ ተመስገን በይ» አሉኝ ባለ ኮፍያው። «እሱም የልጆች አባት ነው። ለቸርኬው ይስጥሽና በሰላም ተለያዩ።» ሾፌሩ ገንዘብ አውጥቶ ይቆጥራል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እጁ ከኔ ይልቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም አፌ ላይ «ችግር የለም» የሚለው ቃል ደርሷል። ይሉኝታ ታውቃላችሁ፣ ሰው በተሰበሰበበት «አይ» ማለት ከገንዘብ በላይ ይከብዳል። መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ሴት ናት ጀበናዋን አስቀምጣ የመጣችው። «እናንተ!» አለች። «ልጅቷን ሐኪም ሳያያት ምኑን ነው የምትጨርሱት? እጇን እዩት እስቲ!» ሁላችንም አየነው። ከአውራ ጣቴ ሥር ማበጥ ጀምሯል። ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ፤ ትራፊክ ተጠራ።

ሆስፒታል ራጅ ተነሳሁ። ንጹሕ ነው፣ ስብራት አይታይም። ሐኪሙ ግን ራጁን ብቻ አይቶ አላሰናበተኝም። አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ብትወጥሩት ከሥሩ፣ ከእጅ አንጓ ጋ፣ በሁለት ጅማት መካከል አንዲት ጎድጓዳ ቦታ ትታያለች። አሁን ሞክሩት... አዎ፣ እሷን። እዚያ ላይ በጣቱ ጫን ሲል ከወንበሬ ዘለልኩ። ጄሶ አደረገልኝና «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰሽ ነይ፤ እንደገና እናነሳለን» አለኝ። በሁለተኛው ራጅ ላይ ቀጭን መስመር ታየች። ተሰብሯል።

ያቺ አጥንት ስካፎይድ ትባላለች። የለውዝ ፍሬ የምታህል ናት። በመጀመሪያው ራጅ ላይ አለመታየቷ የታወቀ ነገር ነው። ተንኮሏ ደግሞ የደም ሥሯ ላይ ነው። ደም የሚገባት በብዛት ከጣት በኩል ካለው ጫፏ ነው፤ ወገቧ ላይ ስትሰበር ወደ ክንድ ያለው ቁራጭ ደም ሊያጣ ይችላል። በጊዜው በጄሶ ካልተያዘች ሳትገጥም ትቀራለች። ከዚያ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ምጣድ ማንሳት፣ ጆንያ መያዝ፣ በር መግፋት የሚከብድ እጅ ይኖራችኋል። ያኔ የቸርኬ ዋጋ የሰጣችሁን ሰው የት ታገኙታላችሁ?

እጅ እንኳ ቀላሉ ነው። ሳይክል ነጂ በትከሻው ሲወድቅ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት በተደጋጋሚ የሚሰበር ነው፤ እሱ ቢያንስ ያስታውቃል። የሚያስፈራው የማያስታውቀው ነው። አንደኛው ጭንቅላት ነው። ተመትቶ ለተወሰነ ሰዓት ደህና ሆኖ የሚያወራ፣ ከዚያ ውስጡ በሚጠራቀም ደም የሚወድቅ ሰው አለ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ንጹሕ ፈሳሽ ወይም ደም ከወረደ «ይተኛና ይለቀዋል» አይባልም። ሁለተኛው ሆድ ነው። የመሪው ጫፍ ሆድን ሲወጋ ላዩ ላይ ትንሽ ክብ ጭረት ብቻ ይተዋል፤ ውስጥ ጣፊያ ወይም ጉበት ሊደማ ይችላል። ልጆች ላይ በተለይ ይህን አትናቁ። ልጁ «ወደቅኩ» ብሎ ሊደበቅ ይችላል፤ ሆዱን ግልጡና እዩ።

ስለዚህ ለሚሰበሰበው ሰው አንድ ልመና አለኝ። አትጎትቱን። አንገቱ የተጎዳ ሰው በክንዱ ተጎትቶ ሲነሳ የባሰ ሊሆን ይችላል። ውሃም አታጠጡን፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ሆዱ ባዶ ቢሆን ይሻለዋል። መኪና አስቁሙልን፣ ከበላያችን ቁሙልን፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ወይም ወደ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ደውሉልን። ከዚያ ስለ ቸርኬው እንነጋገራለን።

አሁን ወደ ወጌሻ። እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ። እናቴም ተቆጥታኛለች። ጄሶ አስሬ ቤት ስገባ የመጀመሪያ ቃሏ «ጎረቤት እያሉ!» ነበር። ጎረቤታችን በሰፈሩ የታወቁ ወጌሻ ናቸው። ወጌሻን አልንቅም፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ። የእግር ኳስ ክለቦቻችን ቦርሳ ይዞ ሜዳ ውስጥ የሚሮጠውን ሰው ዛሬም ወጌሻ ነው የሚሉት። ግን የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር የሚመጣውን የአጥንት ሐኪሞቻችን ለዓመታት ሲናገሩት ኖረዋል። ስብራት ያብጣል። እብጠቱ መስፊያ ቦታ ካጣ ደም ሥሩን ይጨመድዳል። ጣት ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል፣ ይጠቁራል። መጨረሻው እጅ ወይም እግር መቆረጥ የሆነባቸው ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ልጆች። ይህ በጄሶም ሊደርስ ይችላል። ጣታችሁ ከታሰረ በኋላ ከደነዘዘ ወይም ከተቃጠለ፣ የትም ይታሰር፣ በዚያው ሌሊት ሂዱና አስፈቱት። ጠዋት ድረስ አትጠብቁ።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ፤ ሾፌሮችም ስለምትጠብቁት።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሌላ ሰው ሲነዳው የደረሰ ቢሆንም ከኃላፊነት አይወጣም። ከዚያ በላይ ደግሞ በ2005 የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። መስታወቱ ላይ የምትለጠፈው ወረቀት ጌጥ አይደለችም፤ እኔና እናንተ ስንገጭ የምትከፍል ናት። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር፤ ለድንገተኛ ሕክምና ደግሞ 2 ሺህ ብር። ስትሄዱ የወቅቱን ጣሪያ ጠይቁ። ጉዳቱ ከጣሪያው ከበለጠ ቀሪውን ባለመኪናውን በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል።

እንግዲህ አስቡት። ሾፌሩ አረቦኑን ከፍሏል። በየዓመቱ ይከፍላል። አደጋ ሲደርስ ግን መንገድ ላይ ከኪሱ እንደገና ይከፍላል፤ ተጎጂውም ከሚገባው በታች ይቀበላል። ሁለቱም ተቃቅፈው ይለያያሉ። በዚህ ዕርቅ ያተረፈው ማን ነው? ሳይጠየቅ የቀረው ኢንሹራንስ ነዋ! ሽማግሌው ሳያውቁት የዋሉት ለእሱ ነው።

እዚህ የተቀመጣችሁ የታክሲ ሾፌሮች የምትሉትን እሰማለሁ። ትራፊክ ከተጠራ መኪናው ጣቢያ ይቆማል፣ የቀን ገቢ ይቀራል፣ መንጃ ፈቃድ ይያዛል፣ ምልልሱ ያደክማል። እውነት ነው። ጉዳዩ በወንጀልም ሊታይ ይችላል። ግን «ተስማምተናል» ብላችሁ የሄዳችሁበት ሰው ከሦስት ቀን በኋላ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ቢገኝስ? ያኔ ታርጋችሁን የያዘ ሰው «ገጭቶ ሄደ» ነው የሚለው። ፕላን፣ ማለትም ትራፊክ ፖሊስ የሚያነሳው የአደጋው ቦታ ንድፍ፣ ተነስቶ፣ ወረቀት ተጽፎ፣ ተጎጂውን ሐኪም ቤት ያደረሰ ሾፌር ሌላ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው። መርዳትና መካስ ፍርድ ቤት ቅጣት ሲያሰላ የሚያየው ነገር ነው።

የኔው ሾፌር ከሚስቱና ከአንድ ሽማግሌ ጋር ቤት ድረስ መጣ። ሙዝና ማልት ይዘው። እናቴ ቡና አፈላች። ይቅርታ ጠየቀ፤ ተቃቀፍን። ከልቤ ነው ይቅር ያልኩት። ሲወጡ ሽማግሌው ቀስ ብለው «እንግዲህ ክሱን...» ሲሉ፣ «አባቴ፣ ከሱ ጋር ጨርሻለሁ። የቀረኝ ከኢንሹራንሱ ጋር ነው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እሱማ ልክ ነሽ» አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ሾፌሩም የመድን ወረቀቱን ኮፒ ራሱ ነው ያመጣልኝ።

ገንዘቡ ቶሎ መጣ ወይ? አልመጣም። ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ነገ ትረግሙኛላችሁ። ኢንሹራንሱ «ደረሰኙ ማኅተሙ አይታይም» ብሎ መልሶኛል። ትራፊክ ጽሕፈት ቤት «ጸሐፊዋ የለችም» ተብያለሁ። በግራ እጄ ፎርም ሞልቼ ፊርማዬ አይመሳሰልም ተብያለሁ፤ ቀኝ እጄ ጄሶ ውስጥ መሆኑን እያዩ! ያዳነኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ወረቀት አንድ ፌስታል ውስጥ መክተቴ ነው። የካርድ፣ የራጅ፣ የመድኃኒት፣ የታክሲ ሳይቀር። መኪናው ሳይነሳ የተነሳ ፎቶ ነበረኝ። የቡናዋ ሴት ስልክ ነበረኝ፤ ጣቢያ ድረስ መጥታ ቃሏን ሰጥታለች። ሳይክሉንም ትራፊኩ እስኪያየው አላስጠገንኩም። እጃችሁ ላይ የሚቀር ጉዳት ካለ የሕክምና ቦርድ በመቶኛ ይወስነዋል፤ ያለዚያ ወረቀት «ያመኛል» ማለት ብቻውን አያስከፍልም። አንድ ነገር ግን በደማቁ ጻፉ፦ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ አንቀጽ 2143። «ሲሻለኝ እጠይቃለሁ» እያሉ ጊዜው ያለፈባቸው አሉ።

ጣቢያ ቃሌን ስሰጥ አንዱ «ግን በዋና መንገድ ላይ በሳይክል ምን አወጣሽ?» ብሎኛል። የሚገርም ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የሄደችው በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ነው። ሰው ሁሉ ሯጮች ብቻ የሄዱ ይመስለዋል፤ እነ ገረመው ደንቦባ በሳይክል ተወዳድረዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እነዚህ ሰዎች ሳሎን ውስጥ አይደለም የሰለጠኑት። ሳይክል መንገድ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ነው።

አሁን በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መንገድ በየቦታው እየተሠራ ነው፤ ደስ ይላል፣ ልጆች ሲነዱበት ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም። ግን የተቀባው መንገድ መስቀለኛ ላይ፣ ማደያ መግቢያ ላይ፣ የግቢ በር ላይ ይቋረጣል። እኔ የተገጨሁት እንዲህ ዓይነት ቦታ ነው። ቀጥ ባለው ላይ ስለተመቻችሁ መታጠፊያው ላይ አትዘናጉ። ከመኪና ቀኝ ጎን ጋ እኩል አትሂዱ፤ ወይ ቅደሙ ወይ ቅሩ። ከከባድ መኪና ጎንማ ጨርሶ! ሾፌሩ በስፖኪዮው እንኳ የማያያችሁ ቦታ አለ።

ሾፌሮች ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ። ወደ ቀኝ ከመታጠፋችሁ በፊት ያለፋችሁት ሳይክል የት እንደደረሰ እዩ፤ አልጠፋም፣ እየመጣ ነው። ሁለተኛ፣ ቆማችሁ ስትወርዱ በሩን በቀኝ እጃችሁ ክፈቱት። ኔዘርላንድ ውስጥ የተለመደ ነገር ነው። ራቅ ባለው እጅ ስትከፍቱ ትከሻችሁ ይዞራል፤ ዓይናችሁም ሳታስቡት ወደ ኋላ ያያል። ከቤት እስክትደርሱ ትረሱታላችሁ፤ ግን ሞክሩት። ፍጥነትም አለ፤ ብዙ አልልም። ከ30 ወደ 50 ኪሎ ሜትር ስትወጡ የምትገጩበት ጉልበት ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ እጨምራለሁ።

አንድ ሾፌር ወንድማችን «ጥፋተኛው ሳይክሉ ከሆነስ?» አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ያለ መብራት በጨለማ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ስልክ እያወሩ የሚነዱ አሉ፤ አትደብቁ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥም አላችሁ። ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ የደረሰው በተጎጂው ጥፋት ከሆነ ባለመኪናው ከኃላፊነት ሊወጣ ይችላል፤ በከፊል ከሆነ ካሳው ይቀንሳል። ማን ምን ያህል እንዳጠፋ የሚታየው ደግሞ በፕላኑ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የሳይክሉ ነው የምትሉ ከሆነ ትራፊክ የሚያስፈልገው ከኔ ይልቅ ለእናንተ ነው።

አንዲት ልጅ ደግሞ «ገጭቶ ቢያመልጥስ? ታርጋውን ካላየሁስ?» ብላ ጠየቀች። አዋጁ ለዚህ የመድን ፈንድ አቋቁሟል። የገጨው መኪና ካልታወቀ፣ ወይም ተይዞ መድን ከሌለው፣ ለአካል ጉዳት የሚከፍለው ፈንዱ ነው። ሆስፒታልም «የገጨሽ ሰው ይቅረብ» ብሎ የድንገተኛ ሕክምና ሊከለክልሽ አይችልም። ግን ፈንዱ የሚጠይቀው የፖሊስ ማስረጃ ነው። ስለዚህ በዚያው ቀን፣ እያነከስሽም ቢሆን፣ ራስሽ መሄድ ካልቻልሽ ሰው ልከሽ፣ ጣቢያ አስመዝግቢ። ቀለሙን ካየሽ ቀለሙን ተናገሪ፤ ከታርጋው ሁለት ቁጥር ከያዝሽ ሁለቱን። አካባቢው ሱቅ ወይም ባንክ ካለ ካሜራ ይኖረዋል፤ ግን ቆይቶ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታልና ፖሊሱ ቶሎ እንዲጠይቅ ወትውቺው።